ኮልፌ ላይ የሚወስነው ማን ነው

ሰብሌ ኃይለመስቀል እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ሁለት ቀን ሆናት። ጋደም ሳትል ቀርታ አይደለም፤ ጋደም ብላለች፣ መጋረጃውን ግጥም አድርጋ ዘግታለች፣ ብርድ ልብሱን እስከ ግንባሯ ስባለች፣ ግን የዚህ አገር ሰኔ ጨለማ የሚባል ነገር አያውቅም። ኮልፌ ቢሆን ሰኔ ማለት ጭቃ ነው፣ ጉም ነው፣ ቆርቆሮውን የሚደበድብ ዝናብ ነው፣ ሰው በጊዜ ገብቶ በጊዜ ይተኛል፤ እዚህ ሰሜን አውሮፓ፣ ጎተንበርግ ግን ሰማዩ ወተት መስሎ ያድራል፣ ወፎቹም ሰዓቱ ጠፍቷቸው ሲንጫጩ ያነጋሉ፣ እሷም አሁንስ ልተኛ ስትል የዓርቡ ንግግር እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራታል። የምታጠናው ኩባንያ ሹም ሚስተር ሉንድክቪስት ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ ወደቡን እያየ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው «የአዲስ አበባው ፋብሪካ በመስከረም ይዘጋል» አላት። እሷም እርሳስ በእጇ ነበርና ጻፈችው። የሚከነክናት ይኸው ነው። ደነገጥኩ፣ ቃል አጣሁ ብትል ያምር ነበር፤ እሷ ግን እንደ ማንኛውም መልስ ጽፋ፣ ከሥሩ አስምራ፣ «ውሳኔውን የሰጠው የትኛው ክፍል ነው?» ብላ ቀጠለች። የጥናቷ ጥያቄ ነበርና ከአፏ የቀደመው እሱ ሆነ። አሁን እሑድ ነው፣ ረፋድ ነው፣ ስልክ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አዲስ አበባ እስክትገኝ ትጠብቃለች፤ ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ልጅ አንዴ ወደ ሎንዶን፣ አንዴ ወደ ሮም እየጮኸች መስመር ትለምናለች፣ ሰብሌ ደግሞ እህቷን ምን እንደምትላት ገና አልቆረጠችም።

ምን እንደምታጠና ለአባቷ በደንብ አስረድታ አታውቅም። አቶ ኃይለመስቀል ከጅማ ማርና ቅመም እያመጡ መርካቶ የሚያከፋፍሉ ነጋዴ ናቸው፤ ሰው ሲጠይቃቸው «ልጄ አውሮፓ ንግድ ትማራለች» ይላሉ፣ ውሸትም አይደለም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ቴርንቫል የሚባል ኩባንያ አለ፤ እዚህ ከተማ ተወልዶ፣ እዚህ አድጎ፣ ከዚያ በየአገሩ ፋብሪካ የተከለ። ባለቤቶቹ የማያውቁት አገር ውስጥ፣ በማያውቁት ቋንቋ፣ አይተዋቸው የማያውቁ ሰዎች በስማቸው ይሠራሉ። ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው? ዘበኛ ለመቅጠር የማን ፈቃድ ያስፈልጋል? ዕቃው በስንት እንደሚሸጥ የሚቆርጠው የት የተቀመጠ ሰው ነው? ማሽን ሲሰበር ማን ይጠየቃል? ፕሮፌሰሯ ይህ አዲስ እርሻ ነው፣ ገና ማንም ያላረሰው ነው ይላታል፤ እሷም ያንን እርሻ ይዛ ሦስት ክረምት አሳለፈች። ከሦስቱ አንዱን ያሳለፈችው ተወልዳ ያደገችበት ሰፈር ነው፤ ቴርንቫል ኮልፌ ላይ ፋብሪካ ነበረውና ኩባንያው ራሱ ይለፍ ሰጥቶ ላካት።

ኮልፌ ፋብሪካውን በስሙ የሚጠራው የለም። ከዋናው መንገድ ወደ አስኮ ሲሉ በግራ በኩል ያለውን ግቢ ሰው «ድንጋይ ፋብሪካ» ይለዋል፤ ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው ድንጋይ የሚፈለጥበት ይመስለዋል እንጂ የሚሠራውስ የባትሪ ድንጋይ ነው፣ ለእጅ ባትሪና ለሬዲዮ የሚሆነው። ሴቶቹ ጥቁር ዱቄት ሲሞሉ ውለው እስከ ክርናቸው ጠቁረው ይወጣሉ። እትዬ ካሳነሽ ከእነሱ አንዷ ናቸው፤ የባትሪው አፍ የሚደፈንበት የትኩሱ ዝፍት ክፍል ኃላፊ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ የኮሚቴ አባል፣ የሰብሌም የአጥር ጎረቤት። ሰብሌ ያን ክረምት ደብተሯን ይዛ አጠገባቸው ትቆማለች፣ እሳቸው ዝፍቱን ያማስላሉ። «እትዬ ካሳነሽ፣ ይህ ማሽን ቢሰበር የሚወስነው ማን ነው?» ትላቸዋለች። «ይገዙ ነዋ፣ ሌላ ማን አለ?» አቶ ይገዙ ሥራ አስኪያጁ ናቸው፤ ከረባታቸውን አስተካክለው ይቀበሏትና፣ ቡና አዝዘውላት፣ «እንደሱ ያለው ነገር እኔ ዘንድ አያልቅም፤ ናይሮቢ ያለው የምሥራቅ አፍሪካ ቢሮ ነው» ይሏታል። ናይሮቢ ብትጽፍ «ይህ የዋናው መሥሪያ ቤት ሥልጣን ነው» ብለው መለሱላት። ጎተንበርግ ተመልሳ ስትጠይቅ ደግሞ ፈገግ ብለው «ኮልፌ ያለው ሥራ አስኪያጅ ሙሉ ኃላፊነት አለው» አሏት። ይህን ለፕሮፌሰሯ ስትነግረው ጠረጴዛውን መትቶ ሳቀ፣ «ምዕራፍ ሁለትሽ ይኸው!» አላት። እሷም ሳቀች። ያኔ ያስቅ ነበር።

ታናሽ እህቷን ዓለምን ካሰበች ግን ሳቁ ይጠፋል። እናታቸው ስታርፍ ዓለም ገና ቃል አጥርታ አትናገርም ነበር፤ አባታቸው መንገደኛ ናቸው፣ ስለዚህ ጸጉሯን የሠራች፣ ስታመናጭቅ የቆነጠጠች፣ ትምህርት ቤት በር ድረስ እጇን ይዛ ያደረሰች ሰብሌ ናት። ስትለያት ዓለም አውሮፕላን ማረፊያ አልመጣችም፣ ሆዴን አመመኝ ብላ ቀረች። ሰብሌ ኮልፌ ከከረመችበት ክረምት በቀር፣ ሦስት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ በሰፈሩ ባለሱቅ በረሻድ ስልክ ነው የሚገናኙት። አሁን ዓለም ትምህርቷን ጨርሳ የነርሶች ትምህርት ቤት ፈተና አልፋለች፣ መግባት አለመግባቷን ነገ ሰኞ መናገር አለባት። አቶ ይገዙ ደግሞ ከናይሮቢ በመጣ መመሪያ መሠረት ለፋብሪካው ላቦራቶሪ ሁለት ወጣቶች ቀጥረው፣ አንድ ዓመት ጎተንበርግ ድረስ ልከው ሊያስተምሩ ተነሥተዋል፣ አንዷ ዓለም ናት። ባለፈው እሑድ ልጅቷ ስልኩ ውስጥ ጮኸች። «እቴቴ! አንቺ ጋ ልመጣ እኮ ነው! አልጋሽ ትበቃናለች?» ሰብሌም «ትበቃናለች፣ ባትበቃንም መሬት እንተኛለን» አለቻት፣ ከዚያም ወጥታ ዝናብ እየመታት፣ የከተማው ባቡር፣ ትራሙ፣ እያለፋት፣ በእግሯ እስከ ቤቷ ሄደች፣ ደስ ብሏት። ዓርብ ዕለት ሉንድክቪስት ፊት ስትቀርብ ያ ደስታ ገና ፊቷ ላይ ነበር።

ሉንድክቪስት ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር። ሽማግሌ ነው፣ ጡረታው የደረሰ፤ ኮልፌ ያለውን ፋብሪካ ከመሠረቱ የተከለው እሱ ነው፣ ሁለት ዓመት አዲስ አበባ ኖሯል፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ማለት ይችላል። «አንድ ትልቅ ፋብሪካ ናይሮቢ፣ ለመላው አካባቢ፤ ትናንሾቹ ይጠፋሉ» ብሎ አስረዳት። ሥራ አስኪያጁ ያውቃሉ ወይ? አያውቁም፣ በመስከረም ይነገራቸዋል፤ ቀድመው ካወቁ ሠራተኛው ይበተናል፣ ሥራ ይበላሻል። ወደ ትምህርት የሚላኩት ልጆችስ? ያ ትእዛዝ ቀድሞ የወጣ ነው፣ አንዱ ክፍል የሌላውን አያውቅም፣ በራሱ ጊዜ ይሻራል። ከዚያ ድንገት ወደ እሷ ዞረና «እዚያ ዘመድ አለሽ?» አላት። «እህቴ፣» አለችው፣ «ከሁለቱ ልጆች አንዷ ናት።» ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ፣ ብዙም ሳይቆይ «ይህ እስከ መስከረም በእኛ መካከል ይቀራል፤ መጀመሪያ ቀን ቃል ገብተሻል» አለ። ገብታለች። ጥናት የሚያደርግ ሰው የሰማውን እንደማያወጣ ፈርማለች፣ ፕሮፌሰሯም ፈርሟል፤ ያለዚያ የትኛው ኩባንያ በሩን ይከፍታል? እሺ አለችው። እሺ ብላው ወጣች፣ አሳንሰሩ ውስጥ ገብታ የሚወርድበትን ቁልፍ ሳትጫን እዚያው ቆመች።

ስለዚህ ሁለት ቀን ስታውጠነጥን የደረሰችበት ይህ ነው። ዓለምን የፋብሪካውን ነገር ሳትነግራት ነርሶቹ ጋ ግቢ ትላታለች። ልጅቷ ትቀየማለች፣ ትቀየም። መስከረም ሲመጣ ይገባታል። ቃልም አይፈርስም፣ እህትም አትጎዳም። ሲያስቡት ንጹሕ ነው፣ ቀዳዳ የለውም፤ ታዲያ ለምንድን ነው እንቅልፍ የማይወስዳት?

«አዲስ አበባ! ሁለተኛው ክፍል!» ልጅቷ በመስኮቱ ጠራቻት። ሰብሌ ገብታ የመስታወቱን በር ዘጋች፣ መነጋገሪያውን በሁለት እጇ ያዘች።

«አሎ! አሎ! ማን ልበል?»

«ጋሽ ረሻድ፣ ሰብሌ ነኝ።»

«ሰብሌ! አልሐምዱሊላህ! እንዴት ነሽ የኔ ልጅ? ብርዱስ?»

«አሁን በጋ ነው ጋሽ ረሻድ።»

«ወይ ጉድ፣ በጋ! እዚህ ዶፍ ነው፣ ሰው ሁሉ ሱቄ ውስጥ ተጠልሏል። ዓለም መጥታለች፣ ካሳነሽም አለች። ጮክ በይ፣ መስመሩ ያፏጫል።»

የረሻድ ስልክ ግድግዳው ላይ፣ ከስኳሩ ጆንያ በላይ ነው የተሰቀለው፤ ድምፁ ከጆሮ አልፎ እስከ መንገዱ ይሰማል። ረሻድ ሱቅ ስልክ ያነጋገረ ሰው ምሥጢር አለኝ ማለት አይችልም፤ ኮልፌ ልጁ መታመሙንም፣ ሙግት መርታቱንም የሚሰማው እዚያ ቆሞ ነው። ሰብሌ ይህን ታውቃለች። አውቃም ነው ንግግሯን ያሳጠረችው።

«እቴቴ! ነገ ልነግራቸው ነው፣ ነርሶቹን። አልመጣም ልላቸው። አቶ ይገዙ ትናንት ጠርተውኝ በኅዳር ትሄጃለሽ አሉኝ፣ ፓስፖርትሽን ጀምሪ አሉኝ!»

«ዓለሜ፣ ስሚኝ። ነርሶቹ ጋ ግቢ።»

«አይሰማም፣ ምን አልሽ?»

«ነርስነቱን ተማሪ። ፋብሪካውን ተዪው።»

መስመሩ አፏጨ። ከኋላ የዝናቡ ድምፅ ይሰማል፣ አንድ ሰው ላምባ ቀዱልኝ ይላል።

«ለምን?»

«ይሻልሻል ብዬ ነው።»

«ባለፈው እሑድ እኮ መሬት እንተኛለን ብለሽኝ ነበር።»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ምን መጣ?»

ሰብሌ ሁለት ቀን ያዘጋጀችው መልስ ነበራት፣ ስለ ሙያ፣ ስለ ዕድሜ ልክ ሥራ፣ አንዱም አልመጣላት አለ። የመጣላት የዓለም ፊት ነው፤ ሆዴን አመመኝ ብላ ወደ ግድግዳ የዞረችው። ዝም አለች፣ ዝምታዋም መልስ ሆኖ ደረሰ።

«እንድመጣብሽ አትፈልጊም፣» አለች ዓለም። ድምፅዋ ቀዘቀዘ። «እንደሱ ብትዪኝ ይሻል ነበር። ሰው ለምደሻል፣ ቤት ለምደሻል፣ እኔ እመጣና... በቃ ገባኝ። ደህና ሁኚ።»

ይኸው፣ አለች ሰብሌ በልቧ፣ እንዳሰብኩት ሆነ፤ ትግባ፣ ትጥላኝ፣ መስከረም ሩቅ አይደለም። መነጋገሪያውን ልትሰቅለው ከጆሮዋ አራቀችው። ግን ከዚያ ማዶ ሰው ሲተሻሽ፣ «ምን ብላ ነው ያስለቀሰቻት?» ሲባል ሰማች፣ ከዚያም የእትዬ ካሳነሽ ወፍራም ድምፅ ገባ።

«ሰብሌ! ምን ብለሻት ነው? ልጅቷ እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል እኮ።»

«ምንም አላልኳት እትዬ ካሳነሽ። እርስዎ እንዴት ነዎት?»

«እኔማ ደህና ነኝ፣ ምን እሆናለሁ። የምሥራች አልነገሩሽም? ፋብሪካው ሌላ ፈረቃ ሊጨምር ነው፣ ይገዙ ራሱ ሰብስቦ ነገረን። ለባለቤቴ ቦታ አስያዝኩለት። ስንት ዓመት ወንጂ ሸንኮራ ውስጥ፣ እሱ እዚያ እኔ እዚህ፣ ልጆቹ አባታቸውን በበዓል ብቻ እያዩት! ነገ ሥራ ለቀቅኩ ብሎ ይነግራቸዋል፣ ለሐምሌ ቤቱ ይገባል።»

ሰብሌ የስልኩን ክፍል ግድግዳ ተደገፈች። የእትዬ ካሳነሽን ባለቤት ታውቀዋለች፤ ዝምተኛ ሰው ነው፣ ለፋሲካ ሲመጣ ለሰፈሩ ልጆች ሸንኮራ ቆራርጦ ያድላል። ነገ። ነገ ሰኞ የሚቆርጠው የእሷ እህት ብቻ አይደለችም ማለት ነው። ይህን እንዴት አላሰበችውም? ሁለት ቀን ሙሉ ስታገላብጥ ያቺን አንዲት ልጅ ብቻ ነው ያየችው፤ ፋብሪካው ውስጥ ክረምቱን ሙሉ አጠገባቸው ቆማ ስማቸውን የጻፈቻቸው ሴቶች፣ የምሳቸውን ያካፈሏት፣ አንዳቸውም ትዝ አላሏትም። ያቺን ንጹሕ ዘዴ የሠራችው እንዴት ነው? ናይሮቢ እንደሚያስበው፣ ጎተንበርግ እንደሚያስበው ነው የሠራችው። ሰዉን ሳታይ ቆረጠች።

«እትዬ ካሳነሽ፣» አለች፣ «ባለቤትዎ ሥራውን እንዳይለቅ።»

«ምን አልሽ?»

«እንዳይለቅ። ፋብሪካው ሊዘጋ ነው። በመስከረም። እዚሁ ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው የሰማሁት፣ ወሬ አይደለም።»

 ላምባ የሚለውም ሰው ዝም አለ። ዝናቡ ብቻ ቀረ፤ ያ የኮልፌ ዝናብ በስልኩ ሽቦ ገብቶ ጎተንበርግ ድረስ ጆሮዋ ውስጥ ወረደ።

«ይገዙ ያውቃል?» አሉ እትዬ ካሳነሽ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አያውቁም።»

«እንዴት አያውቅም? ሥራ አስኪያጁ እሱ አይደል?»

«አያውቁም እትዬ። እውነታቸውን ነው ፈረቃ ይጨመራል ያሏችሁ። ለእሳቸው የነገራቸው የለም።»

 እትዬ ካሳነሽ አልጮሁም፣ አልረገሙም። «በይ እሺ፣» አሉ፣ «የኛን ለኛ ተዪው። ልጅቷን አናግሪያት።»

ዓለም ስልኩን ስትይዝ ለመጀመሪያ ጊዜ አልጮኸችም። «እቴቴ፣» አለች በቀስታ፣ «ይህን ስለ ነገርሽን እዚያ ምን ያደርጉሻል?»

«አላውቅም ዓለሜ።»

«እኔ እንዲያ ስልሽ ዝም አልሽ።»

«ዝም አልኩ።»

«ሁለተኛ ዝም እንዳትዪኝ» አለች ዓለም፣ መስመሩም ተቆረጠ።

ያን ዕለት ሰብሌ ተኛች። ገና በቀኑ፣ ልብሷን ሳታወልቅ፣ ብርሃኑ ፊቷ ላይ እየወረደ፣ እንደ ሬሳ ተኛች።

ሰኞ ጠዋት ማንም ሳይጠራት ሉንድክቪስት ዘንድ ሄደች። ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእሷ ይስማ ብላ ነበር፣ ቀድመዋታል። አቶ ይገዙን የማኅበሩ ኮሚቴ ገና ቢሯቸውን ሳይከፍቱ በር ላይ ጠብቋቸው ኖሮ፣ እሳቸውም «እውነት ነው ወይ?» የሚል አስቸኳይ ቴሌግራም መትተው ነበር። ሽማግሌው ቴሌግራሙን ከፊቱ ዘርግቶ ተቀምጧል። ቁጣ ስትጠብቅ አላገኘችም፤ የደከመው ሰው ነው ያገኘችው።

«የነገርኩሽ ትናገሪያለሽ ብዬ አይደለም፣» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ምሥጢሩን ትጠብቂያለሽ ብዬም አይመስለኝም። ለአንድ ሰው መናገር ነበረብኝ። እዚህ ሕንጻ ውስጥ ያንን ግቢ የሚያውቅ ሰው ከእኔ በቀር የለም፤ አንቺ ስትመጪ...» 

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣» አለች።

«ይቅርታው ለኩባንያው ነው ወይስ ለእኔ?»

«ለእርስዎ።»

ራሱን ነቀነቀ፣ እጁን ዘረጋላት። ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ሕንጻ አልገባችም። በሳምንቱ የይለፍ ወረቀቷን እንድትመልስ ተጻፈላት፤ ሉንድክቪስትም ጡረታው በዚህ አገር በጋ ማለቂያ ነበር፣ ቀድሞ እንዲወጣ ተደረገ። የስንብት ግብዣ ተደርጎለት እንደሆነ ለመጠየቅ ድፍረት አላገኘችም።

ፕሮፌሰሯ ግን ተቆጣ። ክፍሉ ውስጥ እየተንጎራደደ፣ ከእንግዲህ ከዚህ ትምህርት ቤት የሚላክን ተማሪ የትኛውም ኩባንያ እንደማያስገባ፣ እሷ በአንድ ስልክ የዘጋችው በር ከእሷ በኋላ ለሚመጡትም ጭምር እንደሆነ ነገራት። እውነቱን ነው። ሰብሌ አልተከራከረችም፤ ሁለት እውነት አንድ ላይ ሊቆሙ እንደሚችሉ የገባት ያን ቀን ነው፣ አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም፣ መሀላቸው የቆመ ሰው ይጨፈለቃል እንጂ። ቴርንቫል የሚለው ስም ከጥናቷ ይውጣ ተባለ፣ ሦስት ክረምት የሰበሰበችው ይታሸግ ተባለ። የትምህርት ድጋፉ እስከ ገና ነው፤ እስከዚያ ሌላ ነገር ካላገኘች ትመለሳለች። ማታ ማታ ምግብ ቤት ሳህን ማጠብ ጀመረች፣ ቀን ቀን ቤተ መጻሕፍት እየገባች ስለ ሌሎች ኩባንያዎች ሌሎች ሰዎች የጻፉትን ታነባለች፣ አንዱም ውስጥ ዝፍት የሚያማስል ሰው አላገኘችም።

ኮልፌ ደግሞ ክረምቱን እንዲህ ከረመች። ማኅበሩ አልተበተነም፣ ሥራም አልተበላሸም፤ ሴቶቹ ጠዋት እየገቡ ዱቄታቸውን እየሞሉ፣ ሲወጡ እየተሰበሰቡ፣ ናይሮቢ ድረስ እየጻፉ ሐምሌን ጨረሱ። ከናይሮቢ አንድ ሰው መጣ፣ ነገሩን መካድ አልቻለም። ዝም ተብሎ መስከረም ላይ ሊቆለፍ የነበረው በር፣ እየተነጋገሩ የሚቆለፍ ሆነ፤ የአገልግሎት ካሳ እንዲሰጣቸው ፈረሙላቸው፣ ሙሉውን አይደለም፣ እትዬ ካሳነሽ ከጠየቁት ጋር አይገናኝም፣ ግን ፈረሙ። አቶ ይገዙ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ከረባት ሳያስሩ ይመጡ ነበር አሉ። የእትዬ ካሳነሽ ባለቤት ወንጂ ቀረ። ዓለም ነርሶቹ ጋ ገባች፣ እዚያው ታድራለች፤ በየሁለት እሑዱ ስልክ ላይ ስለ አጥንት ስም ታወራለች፣ የምትለውን ሰብሌ ግማሹን አይገባትም፣ ደስ ይላታል።

ፋብሪካው የተቆለፈው አንድ ሰኞ ነው። ሰብሌ ቀኑን ታውቀው ነበርና እሑድን መጠበቅ አቃታት፤ ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ከቤተ መጻሕፍት ወጥታ ስልክ ቤት ገባች። መስከረም እዚህ ጨለማውን ይዞ መጥቷል፣ ቀኑ ዳምኗል። የምትለው ነገር አልነበራትም። ድምፅ መስማት ነው የፈለገችው።

«አሎ! ሰብሌ? ረቡዕ አይደል እንዴ ዛሬ? ደህና አይደለሽም?»

«ደህና ነኝ ጋሽ ረሻድ። እንዴት ዋላችሁ?»

«ይመስገነው። ዓለም እኮ የለችም፣ ነርሶቹ ዘንድ ናት።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ማንን ልጥራልሽ?»

«ማን አለ?»

 «ማን የሌለ አለ?» አላት። «ሁሉም አለ። የሱቄ ደረጃ ላይ ነው ቁጭ ያሉት፣ ሥራ የለ፣ የት ይሂዱ?»

ሰብሌ ዓይኗን ጨፈነች። ደረጃውን ታየዋለች፤ ጠርዙ የተሸረፈው፣ ክረምት ውኃ የሚቋጥረው። «እትዬ ካሳነሽን ይጥሩልኝ» አለች።

መጡ። እንዴት ነሽ፣ ጤናሽ፣ አባትሽ ከጅማ ተመልሷል፣ የሚሉት ሁሉ ተባለ። ይወቅሱኛል ወይስ ያመሰግኑኛል ብላ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ትጠብቃለች፤ አንዱንም አላሉም።

«ደወልሽ ደግ አደረግሽ፣» አሉ እትዬ ካሳነሽ። «ነገ ሰዎች ይመጣሉ። ሌላ ኩባንያ ነው፣ ከጣሊያን ነው አሉ፣ ከሕንድም ነው የሚሉ አሉ፣ ግቢውንና ማሽኑን ሊገዙ ነው። ሠራተኛውን እንቀጥላለን ብለዋል፣ ከማኅበሩ ጋር እንነጋገር ብለዋል። እኛ ደግሞ ከዚያ በፊት የተነጋገርነው ከይገዙ ጋር ነው፣ ይገዙ ደግሞ ምንም አያውቅም ኖሯል። አሁንም ሌላ ይገዙ ልከውብን ቢሆንስ? አንቺ የምታጠኚው ይኸንን አይደል እንዴ፣ እነዚህ ሰዎች እንዴት እንደሚሠሩ?»

«ነው እትዬ ካሳነሽ።»

«በይ ንገሪኛ። ምን ብለን እንጠይቃቸው?»

ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጠይቋት ኖረዋል፤ ፕሮፌሰሮች፣ የኩባንያ ሰዎች፣ ባቡር ውስጥ አጠገቧ የተቀመጡ ሰዎች፣ ስለ ምን እንደምታጠና። ለሁሉም መልስ ነበራት፣ መልሱም ረጅም ነበር። አሁን አሳጠረችው።

«መጀመሪያ፣ ነገ የሚመጣው ሰውዬ ራሱ መፈረም ይችል እንደሆነ ጠይቁት። እሺ ወይም እንቢ ለማለት ሌላ አገር መጻፍ አለበት ወይ በሉት።»

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቀስ በይ፣» አሉ እትዬ ካሳነሽ፣ «እነዚህም ይስሙ።» መነጋገሪያውን ከአፋቸው አርቀው ወደ ደረጃው ሲጮኹ ሰማቻቸው። «ሰውዬው ራሱ ይፈርማል ወይ ብላችሁ ጠይቁ ትላለች! እንቢም እሺም ለማለት የማንን ፈቃድ እንደሚጠይቅ!» ጉርምርምታ ተነሣ፣ ብዙ ድምፅ፣ የምታውቀውም የማታውቀውም። አንድ ወንድ ከሩቅ የሆነ ነገር አለ። እትዬ ካሳነሽ ተመለሱ።

«ካልፈረመስ? ይልሻል ዱባለ።»

የስልክ ቤቱ ልጅ መስታወቱን በጥፍሯ ኳ ኳ አደረገች፣ ሰዓቷን አሳየቻት። ሰብሌ በጣቷ ትንሽ ጠብቂኝ አለቻትና ጀርባዋን ሰጥታ፣ ኮልፌ ደረጃው ላይ የተቀመጡት ሁሉ እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ካልፈረመማ፣ የሚፈርመው ሰው ስሙ ማን እንደሆነ፣ የት አገር እንደሚቀመጥ ይናገር። ሳይናገር እንዳትለቁት። ከዚያ ደግሞ...»